የቦቄ ገመድ

ባለሱቁ የላስቲኳን ላም ሆዷን ጫን ሲያደርገው «ሙ!» አለች። ቃሲም ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ቀጥሎ በድንጋጤው አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው በጣት በምትጫን ላም ሲደነግጥ ማየት ለሰው ደስ ይላል፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁበት።

«ለልጅ ከሆነ ውሰዳት፤ ባትሪዋ አዲስ ነው» አለው ባለሱቁ።

ቃሲም ላሟን ገልበጥ አድርጎ መረመራት። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የፈረንጅ ላም ናት። ሻኛ የላትም። ጡቷም ጡት አይባልም፤ አንድ እብጠት ነው። «ወላሂ ይቺን ብሰጣት ልጄ ትስቅብኛለች» ብሎ መለሰለት። ዓይኗን የምታርገበግብ አሻንጉሊት አሳየው፤ አልፈለገም። መኪና አሳየው፤ አልፈለገም። ይህ ከጠዋት ጀምሮ የገባበት ሦስተኛ ሱቅ ነው፤ የከሚሴ ፀሐይም ማቃጠል ጀምራለች።

ልጁ ኢልሃም ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ታማ ስለነበር ሁለት ወር እዚሁ ከሚሴ አክስቷ መሪማ ቤት ከርማለች፤ ዛሬ ወደ ቤቷ ሊወስዳት ነው የመጣው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁን የሚያይ አባት ባዶ እጁን አይሄድም፤ እስካሁን ያለው ደግ ነገር ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቃሲም የሚፈልገው ስጦታ አልነበረም። አፍ ማዘጊያ ነበር። የልጁን ላም ሳይጠይቃት ሸጦባታል፤ ልጅቱ ደግሞ ገና አላወቀችም።

ላሚቱ ሃንዱራዋ ናት። ኢልሃም ተወልዳ እትብቷ የተቆረጠ ዕለት ቃሲም እንደ አገሩ ወግ አንዲት ጥጃ ሰየመላት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦቄ አሏት። ልጅና ጥጃ አብረው አደጉ፤ ልጅቱ መሄድ ስትጀምር የጥጃዋን ጅራት ይዛ ነው። አምስት ዓመት ከሞላት ወዲህ ደግሞ ቦቄን አስር ላይ ወደ ቦዩ ነድቶ የሚያጠጣት ሌላ ሰው የለም፤ ማንንም አታስነካም። እነሱ በሚኖሩበት በጨፋ ሃንዱራ የልጁ ነው፣ የወለደችውም የልጁ ነው። ሳይጠየቅ አይሸጥም፣ አይታረድም። ባለቤቱ ጡት የሚጠባ ሕፃን ቢሆን እንኳ አባት ጎንበስ ብሎ «ትሰጠኛለህ ወይ?» ይለዋል፤ እናት በልጁ ፈንታ «ሰጥቻለሁ» ትላለች። ቃሲም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ እፊቱ ቁጢጥ ብሎ ወይፈኑን ጠይቆታል። «ሰጥቻለሁ» ብሎ ሳምንት ሙሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ሽማግሌ ሲንጎራደድ መክረሙን እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

ታዲያ ሚስቱ ዓዲላ በሆዷ ሕመም ወድቃ ደሴ ሲያደርሳት፣ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አትተርፍም ሲባል፣ መድኃኒቱም ከውጭ ይገዛል ሲባል፣ ያለው ነገር ቦቄ ብቻ ሆነች። ከደሴ ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ከሚሴ መናኸሪያ ሩብ ሰዓት ቆመ። የመሪማ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ጣሪያው በመስኮቱ ይታያል። ሹፌሩ ሻይ ጠጣ፣ ረዳቱ ጎማ መታ መታ አደረገ፣ ቃሲም ከወንበሩ አልተነሳም። ለራሱ የደረደረው ምክንያት ብዙ ነው፤ ልጅ ናት ምን ይገባታል፣ አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል፣ በእናቷ ሕመም ላይ ሌላ ሐዘን ለምን እጨምርባታለሁ። እውነተኛው ምክንያት ግን አንድ ነበር። «እምቢ» ብትለኝስ ብሎ ፈራ።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ቦቄን ለአንድ የደጋ ነጋዴ ሸጣት። ነጋዴው የራሱን ገመድ በቀንዷ አስገባ፤ ቃሲም የራሱን ፈትቶ ጠቀለለ። ከብት ይሸጣል እንጂ ገመዱ አይሸጥም፤ ገመዱ ከሄደ በረከቱ አብሮ ይሄዳል። ቦቄ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ለመውለድ ሁለት ወር ቢቀራት ነው። ስትነዳ ሁለቴ ዞር ብላ አየችው። እሱም አያት። ይህን ለማንም አልተናገረም።

አልሃምዱሊላህ፣ ዓዲላ ዳነች። ትናንት ወዲያ ቤቷ ገብታ ተኝታለች። ቃሲምም ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጣ የቦቄን ገመድ ከምሰሶው አውርዶ በትከሻ ቦርሳው ከስንቅ አገልግሉ ሥር ከተተው፤ ኢልሃም ገመዱን ተሰቅሎ ካየች ሁሉንም አወቀች ማለት ነው። መጣል ነውር ነው። መሪማ ዘንድ ሊያስቀምጠው አሰበ።

ከሱቁ ወጥቶ ወደ ገበያው ጫፍ ሲሄድ ሸክላ ሠሪዋን ወለተገብርኤልን አገኛት። ምንቸትና ገንቦዋን ደርድራለች፤ ከጎኗ በጆንያ ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያካክሉ በሬዎችና ግመሎች ቆመዋል። ገና ግራጫ ናቸው፣ እሳት አልገቡም።

«እማማ፣ እነዚህን ይሸጣሉ?»

«እሳት ሲገቡ እሸጣለሁ። የምተኩሰው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ና።»

«ዛሬ ነው የምፈልገው። ለልጄ ነው።»

«ዛሬ ከሆነ እንግዲህ ጭቃ ነው የምሸጥልህ» አለች ሴትዮዋ። ቢሆንም ፊቱን አይታ አዘነችለት መሰለኝ አንዱን በሬ አነሳች። «ምን ላድርግልህ?»

«ላም ያድርጉልኝ። ግንባሯ ላይ ነጭ አለ፤ ጨረቃ አይደለም፣ ወደ ግራ ዓይኗ ትንሽ ወረድ ያለ ነው። ግራ ቀንዷ ከግማሹ ተሰብሯል፤ ከጎረቤታችን ከሙሀመድኑር ወይፈን ጋር ተዋግታ ነው። ጆሮዋ ሰፊ ነው፣ የቀኙ ጫፉ ተተልትሏል። ጡቷ አራት ይሁን፣ እማማ፤ አራቱም ይታዩ። ሆዷንም ገፋ ያድርጉልኝ።»

ወለተገብርኤል እጇን አቁማ ቀና ብላ አየችው። «ሞታ ነው?»

«ኧረ አልሞተችም።»

«በሕይወት ላለች ላም እንዲህ አይወራላትም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጣቷን ውሃ እያስነካች የበሬውን ሆድ አወፈረች፣ አራት ጡት እንደ ጤፍ ቂጣ ጫፍ ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ አወጣች። ከግራር ነጫጭ እሾህ ሁለት መርጣ አንዱን ከግማሹ ሰበረችና ቀንድ አደረገችው። ጆሮዋን ከቁርጥራጭ ቆዳ፣ የግንባሯን ነጭ ከኖራ ሠራች። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ «ትጠንክር፤ ትንሽ ቁጭ በል» አለችው። ቃሲም የጭቃዋን ላም እያየ ተቀመጠ። ቦቄ ራሷ ነበረች። 

«ገመድ የላትም እንዴ? ልጅቱ በምን ትጎትታት?» አለች ሴትዮዋ።

ቃሲም ገመድ መግመድ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በጨፋ ሮቢት ገበያ የሱን ገመድ ለይተው የሚጠይቁ አሉ። እጁ ሳያማክረው ቦርሳው ውስጥ ገባ። የቦቄን ገመድ ጫፍ ፈታታና ጥቂት ቃጫ መዘዘ። ዓዲላ ላሚቱን ክፉ ዓይን እንዳያያት ብላ ቀይ ክር አብራ ያስገመደችበት ገመድ ነው፤ ቀዩም አብሮ ተመዘዘ። ሊያወጣው ሲል ተወው፤ ያምራል ብሎ። ከቦቄም አንድ ነገር ለልጅቱ ይድረሳት ብሎ። ጭኑ ላይ እያሸ አንድ ክንድ የማትሞላ ቀጭን ገመድ ገመደ፤ ወለተገብርኤልም ባልደረቀ እጇ የላሟ አንገት ላይ አስገብታ በጭቃ ለጥፋ ያዘችለት። ቀዩ በጭቃው ተለውሶ ቡናማ ሆነ።

«ውሃ እንዳይነካት ንገራት» አለችው ስትሰጠው። «ያልተተኮሰ ጭቃ ውሃ ካየ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው።»

«አሻንጉሊት ማን ውሃ ያጠጣል ብለው ነው?» ብሎ ሳቀ ቃሲም። ይህን ያለው ከብት አርቢ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

መሪማ ግቢ ሲደርስ ኢልሃም ከውስጥ ሮጣ ወጥታ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባ! እማ ዳነች?»

«ዳነች፣ አልሃምዱሊላህ። ቤት ናት፣ አንቺን ትጠብቃለች።»

ልጅቱ ትንፋሿን ለቀቀች። ቀጥላ «ቦቄስ? ወለደች?» አለችው።

ቃሲም መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀውን ውሸት አወጣ። «ገና ነች። ሣሩ ስለሳሳ ከሙሀመድኑር ከብቶች ጋር ወደ ታች ጨፋ ወርዳለች። እስክትመጣ ድረስ ግን ይቺን ላከችልሽ» ብሎ የጭቃዋን ላም ከጨርቅ ውስጥ አወጣት።

ኢልሃም በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ወዲያው አልተደሰተችም፤ እንደ ሰንበቴ ነጋዴ አገላብጣ አየቻት። ቀንዷን ነካች። ጆሮዋን ሳብ አደረገች። ጡቷን ቆጠረች። ከዚያ ፊቷ በራ፤ «አባ! ቦቄን አሳነስካት!» ብላ ሳቀች፣ እየዘለለች ለአክስቷ ልታሳይ ሄደች። ቃሲም ከሁለት ወር ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀሎት አያውቅም። ሰው ውሸቱ ሲያምርለት እንዴት እንደሚደሰት!

መሪማ ከበሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ታላቅ እህቱ ናት፤ የሆነውን ሁሉ ታውቃለች።

«ነገርካት?»

«ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ እትዬ።»

«ልጅቱ ሁለት ወር ሙሉ አስር በደረሰ ቁጥር ‹ቦቄን ዛሬ ማን አጠጣት?› ስትለኝ ነው የከረመች። እኔ ስዋሽላት ምላሴ ደረቀ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።»

ቃሲም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቦርሳውን ከፈተ። «ይቺን ገመድ አንቺ ዘንድ አስቀምጭልኝ።»

መሪማ ገመዱን አየችና እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «አውዙቢላህ! ያልተጠየቀ ሃንዱራ ገመድ ቤቴ አላስገባም። ይዘህ ሂድ።»

ይዞ ሄደ። ሚኒባሱ ላይ ኢልሃም ላሟን ታፋዋ ላይ አቁማ የቦርከናን ሸለቆ በመስኮት ታሳያት ነበር፤ «ያ ማሽላ ነው፣ እንዳትገቢበት። ያ የሰው ጤፍ ነው» እያለች። ተሳፋሪው ሁሉ ፈገግ አለ። አንዲት ሴት «የማን ላም ናት?» ብትላት፣ ደረቷን ነፍታ «ሃንዱራ ኪያ፣ የኔ ሃንዱራ ናት» አለች። ቃሲም ወደ ውጭ ዞሮ ማሽላውን ማየት ጀመረ።

ቤት ሲገቡ ዓዲላ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ የጋብቻ ቀለበቷ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው፣ ጣቷ አልይዘው ብሎ። «ኮቱ፣ ነይ የኔ እናት» ብላ ልጇን አቅፋ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀቻትም። ከዚያ ኢልሃም ላሟን አሳየቻት። ዓዲላ የተሰበረውን ቀንድ አየች፣ የገፋውን ሆድ በጣቷ ዳሰሰች፣ ባሏን ቀና ብላ አየችው።  ኢልሃም እንጨት ልትለቅም ስትወጣ ተናገረች።

«ንገራት።»

«ትደግና ይደረሳል። ስድስት ዓመቷ እኮ ነው።»

«አንተ ሲጠይቁህ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሰባት።»

«አንድ ዓመት ነዋ የለያችሁ።» ቁስሏን በእጇ ደግፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። «እኔን ያዳነኝ የልጄ ላም ነው። ሌባ ያዳነኝ አታስመስለኝ።»

 ቃሲም ነገ እነግራታለሁ አለ በልቡ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ልጅቱ ላሟን ከምሰሶው ሥር አስራ፣ ሣር ቆርጣ አቅርባላት፣ ስሟን እየጠራች ስትጫወት አገኛት፤ ከሰዓት እነግራታለሁ አለ። የፈራ ሰው ቀጠሮ አያጣም።

አስር ሰግዶ ደጃፍ ላይ ማጭድ እየሳለ ሳለ ኢልሃም ከወደ ቦዩ መጣች። አልሮጠችም። አላለቀሰችም። ቀሚሷ በውሃ ርሷል፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሷል። እፊቱ ቆማ መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ሁለት የግራር እሾህ፣ አንዱ ሙሉ አንዱ ግማሽ፣ ሁለት የቆዳ ጆሮና ቀጭኗ ገመድ አሉ።

«አባ፣ ውሃ ላጠጣት ወሰድኳት። ጠጣች ጠጣችና ሟሟች።»

ቃሲም የሸክላ ሠሪዋ ቃል አሁን ነው ትዝ ያለው። ልጁን ያሳደገው እሱ፣ አስር ላይ ላም ማጠጣት ያስተማራት እሱ! «አብሽሪ፣ ቅዳሜ ሌላ አመጣልሻለሁ። በእሳት የተተኮሰች፣ ውሃ የማትፈራ» አላት። ልጅቱ ግን እየሰማችው አልነበረም። ገመዷን በሁለት ጣቷ አንስታ ታየዋለች። ጭቃው ታጥቦ ቀዩ ክር ቁልጭ ብሏል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አሸተተችው።

«አባ፣ ይሄ የቦቄ ገመድ ነው።»

«አዎ... ከሷ ገመድ ጫፍ ነው የሠራሁልሽ።»

«ገመዷ እኛ ጋ ከሆነ ታዲያ ቦቄ በምን ታስራ ነው?»

ከብት ባለበት አገር የስድስት ዓመት ልጅም ቢሆን ገመድ ብቻውን ወደ ቤት የሚመለሰው መቼ እንደሆነ ያውቃል። ቃሲም ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። አንድ ሌላ ውሸት ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ አዲስ ገመድ ገምጄላታለሁ ሊል። ከቤቱ ውስጥ የዓዲላን የእግር ኮቴ ሰማ፤ ተነስታ ግድግዳውን ይዛ እየመጣች ነው። ውሸቱን ዋጠው።

«ሸጥኳት፣ ልጄ። ሰንበቴ ወስጄ ሸጥኳት።»

ልጅቱ ገመዷን ጨበጠች። 

«እናትሽ ልትሞትብኝ ነበር። መድኃኒት መግዣ አልነበረኝም።»

ኢልሃም ዞር ብላ በሩ ላይ የቆመችውን እናቷን አየች፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቀለበት፣ ሆዷን የደገፈውን እጇን። ከዚያ ወደ አባቷ ተመለሰች። እንባዋ አሁን መውረድ ጀመረ፣ ድምፅ ግን የለውም።

«ለእማ ነው?»

«ለእማ ነው።»

«ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር።»

ይህን ስትል ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ቃሲም ይችለው ነበር። መናኸሪያው ላይ ያለፈችው ያቺ ሩብ ሰዓት፣ ከመስኮቱ የታየው ጣሪያ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ልቡ ላይ ወደቀ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ምን ይገባታል ያለው እሱ ነው። አልቻለም፤ እፊቷ አለቀሰ። ዓዲላ ካገባችው ጀምሮ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ልጅቱ ጥቂት አየችው። እንባዋን በጭቃማ ክንዷ ጠረገችና «አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

ቃሲም ተነስቶ ቤት ገባ፣ ከቦርሳው ትልቁን ገመድ አመጣ። አባቱ እሱ ፊት እንዳደረገው እሷ ፊት ቁጢጥ አለና ገመዱን በሁለት እጁ አቀረበላት። «ኢልሃም ቃሲም፣ ሃንዱራሽን ቦቄን ለእናትሽ መዳኛ ትሰጪኛለሽ ወይ?»

«ሰጥቻለሁ» አለች። ገመዱን ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፤ ጫፉ መሬት ይጎተታል። ሁለት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች።

«ጥጃዋስ?»

«የቷ ጥጃ?»

«በሆዷ ያለችው። እሷም የኔ ናት። እሷንም ጠይቀኝ።»

ቃሲም ዓዲላን አየ፤ ዓዲላ መሬት መሬት ታያለች። በሁለት ወር ውስጥ ጥጃዋን አንድም ቀን እንደ ሌላ ነፍስ አስቧት አያውቅም። አሁን ተወልዳ ይሆናል፤ አንድ የማያውቀው የደጋ በረት ውስጥ፣ በሌላ ሰው ገመድ። እንደገና ቁጢጥ አለ።

«ጥጃዋንስ ትሰጪኛለሽ ወይ?»

ኢልሃም ብዙ አሰበች። ገመዱን ከትከሻዋ አውርዳ ምሰሶው ላይ፣ እዚያው ድሮ በሚሰቀልበት ችንካር ላይ ሰቀለችው። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ወደ እናቷ ሄደችና ክንዷን ደግፋ ወደ መደቧ መራቻት።

«እሷን አስቤ እነግርሃለሁ» አለችው ከውስጥ።

ይኸው ኢልሃም አድጋ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ገመዱ እዚያው ምሰሶ ላይ አለ። እስካሁን አልነገረችውም፤ እሱም ዳግመኛ ለመጠየቅ አልደፈረም።